ከሶፋው ስር ጃርት፣ ከደጅ ሽማግሌ

ሀኒ ሽማግሌ በሚላክባት ቅዳሜ ጠዋት የጓሮውን በር ከፍታ እጣቢ ስትደፋ፣ ከእንሰቱ መሃል የውሾች ጩኸት ተሰማና አንድ ጥቁር ነገር በአጠገቧ ሽው ብሎ ወደ ቤት ገባ። የጎረቤት ቡችላ መስሏት «ውጣ አንተ!» እያለች ተከተለችው። ሳሎን ስትደርስ ቡችላ የለም። ከትልቁ ሶፋ ስር ግን ደረቅ ባቄላ በጣሳ እንደሚነቀነቅ ያለ ድምፅ ይመጣል። ጎንበስ ብላ አየች። ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አፈጠጡባት። ከዓይኖቹ ኋላ ያለው በሙሉ እሾህ ነበር።

«እማዬ!» አለች። ጮኸች እንዳይባል ድምፅዋ አልወጣም፣ ዝም አለች እንዳይባል ጉሮሮዋ ሊሰነጠቅ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ አትጠገብ ከኩሽና በሩጫ መጡ። «ምን ሆንሽ? ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?»

«ጃርት።»

«የት?»

ሀኒ በጣቷ አሳየች። ወይዘሮ አትጠገብ ጎንበስ አሉ፣ አዩ፣ ቀና አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እሳቸው ተናደዱ። «ይቺ ናታ እንሰቴን ከስሩ እየማሰች የፈጀችብኝ! በጓሮ ስትበላኝ ከርማ ዛሬ ደግሞ በእንግድነት መጣች? ዓይን አውጣ!»

«እማዬ፣ ቀስ በይ! አባዬ ይሰማል!»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጃርት ቤት ገባች ብሎ መጮህ ማንን ይቸግራል? ሰፈሩ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ በላይ፣ ቡናና እንሰት ከአጥር እስከ አጥር የሞላበት ነው፤ አንድ ጩኸት ቢሰማ ዱላ የያዘ ሰው ግቢውን ያጥለቀልቀዋል። ግን ያን ጊዜ አቶ በቀለም ይሰማሉ። አቶ በቀለ ደግሞ መኝታ ቤት ከመስታወት ፊት ቆመው ክራባት እያሰሩ፣ ሽማግሌዎቹን በምን ሰበብ እንደሚመልሷቸው ነው የሚያስቡት።

መጥፎ ሰው ሆነው አይደለም። አቶ በቀለ ዕድሜ ልካቸውን ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ ለልጃቸው ነፍሳቸውን የማይሰስቱ አባት ናቸው። ግን አንድ አመል አለባቸው። በወጣትነታቸው አትጠገብን ለማግባት ወደ ደጋው፣ ወደ ቡሌ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከዋል። ሦስቱንም ጊዜ ራሳቸው እስከ አማቶቻቸው ግቢ ዳር ድረስ አብረው ወጥተዋል፤ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ይህን ታሪክ በየሠርጉ አውርተውታል፣ በየልቅሶው አውርተውታል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አውርተውታል። መጨረሻውም ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ልጄን የሚፈልግም ሦስት ጊዜ ይመላለሳል! ያለዚያ ዋጋዋን አያውቅም!»

ጥሩ። ይመላለስ። ግን ቡናው መቅላት ጀምሯል። ዛሬ «ሌላ ጊዜ ኑ» ከተባለ ቡና ተለቅሞ እስኪነሳ ማንም ለማንም ጊዜ የለውም። ቡና ሲነሳ ሁለተኛው ምልልስ፣ ሦስተኛው ወደ ፋሲካ ይሄዳል፣ ከዚያ ክረምት ይገባል፣ ሠርጉ ወደሚቀጥለው ዓመት ጥር ይጣላል። ሀኒና ፍሬዘር ደግሞ መጠበቅ ሰልችቷቸዋል። ፍሬዘር ጨለለቅቱ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መካኒክ ነው። መጀመሪያ የእሷን ትምህርት ጠበቁ፣ ቀጥሎ የእናቱ ሐዘን እስኪወጣ ጠበቁ፣ ከዚያ የቤቱ ጣሪያ እስኪመታ ጠበቁ። ጣሪያው ተመትቶ ቆርቆሮው ዝገት ሊጀምር ነው። ሀኒ ዘንድሮ ማግባት ትፈልጋለች። ሌላ ምንም የተወሳሰበ ነገር የለውም፤ ትወደዋለች፣ ጠብቃዋለች፣ በቃት።

ስለዚህ አባቷ «ቤት ውስጥ ጃርት አለ» ቢባሉ የሚሉትን ታውቃለች። «አይ እንግዲህ! በእንዲህ ያለ ቀን እንግዳ አይገባም፤ ሌላ ቀን ይምጡ!» ይላሉ፤ ያውም በደስታ።

ወይዘሮ አትጠገብ ሶፋውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ የመኝታ ቤቱን በር አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ሀኒ ያን ፈገግታ ታውቀዋለች፤ እናቷ እንዲህ ፈገግ ካሉ አንድ ሰው ጉድ ይሆናል።

«ስሚኝ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም።»

«እህል ውሃ ይቀምሳል?»

«አይቀምስም።»

«ታዲያ ቆመው ይናገራሉ፣ ቆመው ይሰማሉ። ሶፋው ላይ ማንም ድርሽ አይልም። አባትሽ የራሱ ወንበር አለው። ጃርቷም ብትሆን ቀን ቀን እንቅልፋም ናት፤ ካልነኳት አትነካም። ነይ የሶፋውን ልብስ አብረን እናውርደው።»

የሶፋውን ልብስ እስከ ወለሉ አወረዱት። ከውስጥ አንዴ ሸክሸክ አለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሀኒ ሳቋ መጣ። የዛሬን ቀን ስንት ሌሊት አስባዋለች! ምን እንደምትለብስ፣ ከመጋረጃው ኋላ የት ጋ እንደምትቆም፣ ሁሉንም አስባለች። ጃርት ግን አላሰበችም።

አቶ በቀለ ክራባታቸውን አስተካክለው ወጡና ሶፋውን ገረመም አደረጉት። «ይሄ ምነው ቀሚስ ለበሰ?»

«እንግዳ ይመጣል ብዬ ነዋ፣» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፣ ሀኒም ወደ ጓዳ ሮጣ ከመጋረጃው ኋላ ቆመች።

ሦስት ነበሩ። ከፊት ጋሽ ደበበ፣ የፍሬዘር አጎት፣ ንግግር የሚወዱ የወናጎ ሰው፤ ከዘራቸውን ይዘዋል። ቀጥሎ ፓስተር በፍቃዱ፣ ጸሎታቸው ረጅም በመሆኑ ምዕመኑ ምሳውን በልቶ የሚመጣላቸው። ከኋላ አቶ ዘርዓብሩክ፣ ለግርማ ሞገስ የተመረጡ፤ ሰውየው በሩን ሲገቡ ብርሃኑ ይቀንሳል።

«ግቡ፣ ግቡ! ቤት ለእንግዳ! ተቀመጡ እንጂ!» አሉ አቶ በቀለ።

«የለም አቶ በቀለ፣» አሉ ጋሽ ደበበ ከዘራቸውን ተክለው። «ጉዳይ አለን። ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆማችሁ ተናገሩ፣» አሉ አቶ በቀለ፤ እራሳቸው ግን ተመቻችተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ደስ ብሏቸዋል። ይህን ቀን ከሀኒ በላይ የጠበቁት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ደበበ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። የፍሬዘርን አያት አነሱ፣ ቅድመ አያቱን አነሱ፣ ቅድመ አያቱ የተከለውን ዛፍ አነሱ። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም…» እያሉ ሳለ ከሶፋው ስር ሸክሸክሸክ አለ።

አቶ በቀለ ቀና አሉ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ፍሪጁ ነው፣» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

«መብራት የለም እኮ!»

«ለዚህ ነዋ የሚንቀጫቀጨው!» አሉና እንደገና ከመጠየቃቸው በፊት ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ይቀጥሉ ጋሽ ደበበ፣ ዛፉ ጋ ደርሰን ነበር።»

ከመጋረጃው ኋላ ሀኒ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ደበበ ወደ ዛፉ ተመለሱ፣ ከዛፉ ወረዱና ጥያቄውን ጠየቁ። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።» አቶ በቀለ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ዓመታት የተለማመዱት ንግግር ነው።

«እንግዲህ፣ መምጣታችሁ ክብር ነው። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ናት። ዘመድ ማማከር ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ ቡናው ደርሷል። ስለዚህ ቡናው ይነሳና…»

ሀኒ ግንባሯን ያዘች። ይኸው፣ መጣ። ጋሽ ደበበ ግን እንዲህ ያለ ንግግር መጨረሻው የት እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን አነሱ። «ይቅርታ አቶ በቀለ! መልስዎን ከመናገርዎ በፊት ፓስተር በጸሎት ይምሩን። ጌታ ልብዎን ያራራው… ማለቴ፣ ጌታ ይምራዎት።»

ለጸሎት እምቢ የሚባል ነገር የለም። አቶ በቀለ በግዳቸው ተነሱ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፓስተር በፍቃዱም ከፍጥረት መጀመሪያ ጀመሩ።

ያኔ የሶፋው ልብስ ተገለጠና ጃርቷ ወጣች።

ምናልባት ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሄደዋል ብላ ይሆናል። አፍንጫዋን እያነፈነፈች፣ እሾኋን እየጎተተች፣ በሳሎኑ መሃል ጎርደድ ጎርደድ አለች። ሀኒ በመጋረጃው ቀዳዳ ታያታለች። በሕይወቷ የፓስተር በፍቃዱ ጸሎት ምነው ባጠረ ብላ ስንት ጊዜ ተመኝታለች፤ ዛሬ ግን ‹ጌታ ሆይ፣ ይቀጥሉ፣ ገና አብርሃም ጋ ናቸው፣ ይቀጥሉ› እያለች ትለምናለች።

ጃርቷ በቀጥታ ወደ አባቷ ጫማ ሄደች። ሀኒ ዘወር ስትል ለእንግዶቹ የተቀቀለው አሚቾ በድስት ተቀምጧል። የእንሰት ስር መቼም ለጃርት ሞቷ ነው። አንድ ቁራጭ አነሳችና በመጋረጃው ስር ወደ ውጭ በር አቅጣጫ አንከባለለችው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቁራጩ ግን ተንከባሎ ተንከባሎ አቶ ዘርዓብሩክ እግር ስር ቆመ። ጃርቷም ሽታውን ተከትላ ሄደች፣ እግራቸው ስር ተመቻችታ መብላት ጀመረች፣ ስትበላም እሾኋ የሱሪያቸውን ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል።

አቶ ዘርዓብሩክ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። ወደ ታች አዩ።

«ጌታ ሆይ!» አሉ።

«አሜን!» አሉ ሌሎቹ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። ፓስተሩ መንፈስ እየሠራ ነው ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጌታ ሆይ አድነኝ!»

«አሜን! ያድንሃል!»

«ኧረ እግሬን! እግሬን!»

«እግርህን ይፈውሳል! ሃሌሉያ በሉ!»

«ሃሌሉያ!» አሉ አቶ በቀለ እንኳ፣ ልባቸው ተነክቶ። ወይዘሮ አትጠገብ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዕንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ «አሜን» ይላሉ። በጸሎቱ የተነኩ ይመስላሉ። ሳቅ ሊገድላቸው ነው።

አቶ ዘርዓብሩክ ከዚህ በላይ አልቻሉም። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ በአንድ ዝላይ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ጠረጴዛው ጓ አለ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከፈተ፣ ጃርቷም ደንግጣ እሾኋን አቆመች። በእጥፍ አደገች።

አቶ በቀለ ለስንት ተማሪ «ጃርት እሾኋን አትወረውርም፣ ይህ የመሃይም ወሬ ነው» ብለው አስተምረዋል። አሁን ከሁሉ ቀድመው ወንበራቸው መደገፊያ ላይ ወጥተው «ትወረውራለች! ዓይናችሁን ሸፍኑ! ትወረውራለች!» እያሉ ይጮሃሉ። ጋሽ ደበበ ከዘራቸውን ጥለው ሶፋው ላይ ወጡ። ፓስተር በፍቃዱ ተከተሏቸው። አቶ ዘርዓብሩክም ከጠረጴዛው ወደ ሶፋው ተወረወሩና በመሃላቸው ዘጭ ብለው ሲወድቁ ሁለቱም ሚዛናቸውን ስተው በግራና በቀኝ ቁጭ አሉ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ በአቶ በቀለ ሶፋ ላይ፣ ቁጭ።

ወይዘሮ አትጠገብ አዩ። እሳቸውም በርጩማ ላይ ወጥተው ነበር። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጣሉና እልልታቸውን አቀለጡት። «እልልልልል! ተቀመጡ! ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ!»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ማን ተቀመጡ አላቸው!» ቢሉ አቶ በቀለ ማን ይሰማቸዋል? ሰፈሩ ሽማግሌ እንደመጣ ያውቃል፤ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር። ከአጥር ወዲያ ሌላ እልልታ ተቀበለ፣ ከዚያ ሌላ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ በሩን በርግደው እልል እያሉ ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ በየወንበሩ ተሰቅሏል፣ ከወለሉ መሃል ደግሞ ጃርት ቆማለች። ጃርቷ እልልታውን አልወደደችም። በተከፈተው በር ተፈትልካ ወጣች። ወይዘሮ ሸዋነሽ «ኡኡ!» ብለው አንድ እግራቸውን አነሱ፣ ያን ጮኸው ሲጨርሱ እልልታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ጋሽ ደበበ ግን ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ እሳት እንደነካው ሰው ከሶፋው ብድግ አሉ። «አልተቀመጥንም! ወድቀን ነው! አቶ በቀለ፣ ሽማግሌ በጃርት ተንኮል ሚስት አያመጣም። ተነሱ እናንተ!» ሌሎቹም ተነሱ።

«እንዲህ ነው!» አሉ አቶ በቀለ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ሆነው። «ልጄን አልሰጠሁም! እኔ ለእናቷ ቡሌ ሦስት ጊዜ ነው የወጣሁት፣ ጭቃው…»

«ጉልበትህ ደረሰ፣» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

የእልልታው ሳቅ ከፊታቸው ጠፍቷል። ከበርጩማው ወርደው ባላቸው ፊት ቆሙ።

«አዎ፣ ሦስት ጊዜ ላክህ። ይህን የማያውቅ የዲላ ሰው የለም። እኔስ? እኔ የት ነበርኩ በቀለ? አንተ ‹ሌላ ጊዜ ኑ› ስትባል ወደ ዲላ ወረድክ፣ ከጓደኞችህ ጋር ሻይ ጠጣህ፣ አወራኸው። እኔ ከመጋረጃ ኋላ ቆሜ ‹ሌላ ጊዜ› ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ዓመት ሙሉ መንገዱን አየሁ። ይመጣ ይሆን? ቀርቶ ይሆን? ሌላ አግብቶ ይሆን? ማንን እጠይቃለሁ? አንተ ለሦስት ቀን ነው የደከምከው። እኔ ዓመቱን በሙሉ ነው የቆምኩት።» እጃቸውን ወደ ጓዳው ዘረጉ። «አሁን ደግሞ እሷ እዚያ ቆማለች።»

ሀኒ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እንዲህ አይደረግም፤ ልጅቱ አትወጣም። ግን እግሯ አወጣት። በእጇ ቁራጭ አሚቾ ይዛለች፣ ከሳቁ የቀረ ዕንባ ፊቷ ላይ አለ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ዕንባ ተጨምሮበታል።

አቶ በቀለ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። ያን ታሪክ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያወሩ በውስጡ ጭቃ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ሽማግሌ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ሰው ነበረችበት ብለው አንድ ቀን አስበው አያውቁም። ቀስ ብለው ከወንበሩ ወረዱ። አንድ ጫማቸው የለም። ክራባታቸው በጀርባቸው ዞሯል፤ ወደ ፊት መለሱት።

«ጋሽ ደበበ።»

«አቤት።»

«ተቀመጡ።»

«የለም፣ መልሱን ሳንሰማ…»

«መልሱ እሱ ነው! ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ እባካችሁ፣ ቆማችሁ አታድክሙን!»

እልልታው ያን ጊዜ ነው የቀለጠው። የቅድሙ ምንም አልነበረም። አቶ ዘርዓብሩክ እፎይ ብለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉና ወዲያው «ወይኔ!» ብለው ተስፈንጥረው ተነሱ፤ ጃርቷ ከሶፋው ስር ስትወጣ በተንጠለጠለው ልብስ ላይ ሰክታው የሄደችው አንድ እሾህ ባታቸውን ወግቷቸዋል።

«ምነው? ሰጠሁ እኮ፣ ደግሞ ለምን ተነሱ?» አሉና አቶ በቀለ ራሳቸው የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቁ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ አትጠገብ እሾኋን ነቅለው በቀሚሳቸው ጠረጉና ጸጉራቸው ውስጥ ሻጥ አደረጓት። «ለሠርጉ ሹሩባዋን የምከፍልበት አገኘሁ። እንሰቴን የበላችበት ይሁን።»

ምግቡ ሲቀርብ አቶ በቀለ ትሪውን ከሚስታቸው እጅ ተቀበሉ። ይህን ያዩ ጎረቤቶች ተጠቃቀሱ። «አትጠገብ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠይቀኸኝ?» አሉ እሳቸው፣ የአሚቾውን ድስት እያነሱ።

ያኔ የሀኒ ስልክ ጮኸ። ፍሬዘር ነው። ከአስፋልቱ ጥግ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከግቢያቸው ማን ቀድሞ፣ በምን ፊት እንደሚወጣ ዓይኑን ሳይነቅል ሲጠብቅ ነበር።

«ሀኒ! ምንድን ነው የሚሆነው? እልልታ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ‹ኡኡ› ሰማሁ፣ ከዚያ ከግቢያችሁ ጃርት ወጣች! ጃርት እኮ ነው የምልሽ! አጎቴስ? ምን ተባለ? ንገሪኝ እንጂ!»

ሀኒ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አየች። ጋሽ ደበበ ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ስለ ዛፉ እንደ አዲስ ጀምረዋል።

«ተቀምጠዋል፣» አለችው።